ገመዱ ላይ ሰው አለ

አንዲት ትንሽ ልጅ እናቷን «እማዬ፣ ማዶ ማለት እኛ ነን ወይስ እነሱ?» ብላ ጠየቀቻት።

እናትየው ደብሪቱ ትባላለች። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ቃጫ ስትገምድ ነበርና እጇን ሳታቆም «ምን ማለትሽ ነው?» አለቻት።

«እዚህ ስሆን እነ አጎቴን ‹ማዶዎች› ትሏቸዋላችሁ። እዚያ ስሄድ ደግሞ እነሱ እናንተን ‹ማዶዎች› ይሏችኋል። እኔንም እዚያ ስደርስ ‹የማዶዋ ልጅ መጣች› ይሉኛል፤ እዚህ ስመለስም ‹የማዶዋ ልጅ መጣች› ትሉኛላችሁ። ታዲያ ማዶ የቱ ነው?»

ደብሪቱ ሳቀች። «አንቺ ልጅ ነገር ታበዢያለሽ። ይልቅ ዶሮዎቹን ከቃጫዬ ላይ አባሪልኝ» አለቻት። ጥያቄው ግን ከልቧ አልወጣም። መልሱን ሳታገኝለት ቀኑ ሄደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ አገር አንድ ወንዝ አለ። ወንዙ ሰፊ አይደለም፤ ያለበት ገደል ግን ቁልቁል ሲያዩት ራስ ያዞራል። ከአፋፍ አፋፍ ተጠራርቶ መነጋገር ይቻላል። በእግር እሻገራለሁ ያለ ሰው ግን ቁልቁለቱን ሲወርድ ይውላል፣ በበጋ ብቻ የሚገኘውን መልካ ይሻገራል፣ ዳገቱን ሲወጣ ያድራል። ክረምት ከገባ ደግሞ መልካውም የለም።

ከገደሉ ወዲያ ያሉት ከብት አርቢዎች ናቸው፤ አገራቸው የቆዳ አገር ይባላል። ከገደሉ ወዲህ ያሉት ገበሬዎች ናቸው፤ በየእርሻቸው ዳር ቃጫ ስለሚበቅል አገራቸው የቃጫ አገር ይባላል። ንግግራቸው ይለያያል፣ ዘፈናቸው ይለያያል፣ የሚቆጥሩት አያትም ይለያያል። ግን ይጋባሉ። ደብሪቱ ራሷ የቆዳ አገር ልጅ ናት፤ ደርሶ የሚባል የቃጫ አገር ሰው አግብታ ምንታምርን ወለደች። ያቺ ጠያቂዋ ልጅ ምንታምር ናት።

ሁለቱን አገር የሚያገናኛቸው አንድ ገመድ ነበር። ቆዳ ዝናብ ሲመታው ይለጠጣል፤ ቃጫ ዝናብ ሲመታው ይጠብቃል። ስለዚህ የጥንት ሰዎች ሁለቱን አንድ ላይ ጎነጎኗቸው። አንዱ ሲሰንፍ ሌላው እንዲበረታ ነው። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ከወዲያ ጠፍር፣ ከወዲህ ቃጫ ይመጣና አዲስ ገመድ ይጎነጎናል። የሚሻገረው ሰው በገመዱ መካከል በታሰረ የጠፍር መቀመጫ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ የሚሄድበት ወገን ይስባል፤ የተነሣበት ወገን ደግሞ ቀስ እያለ ያላላል። ሁለቱም ቢያላሉ ሰውየው ገደል ይገባል፤ ሁለቱም ቢስቡ ደግሞ ገመዱ አይችለውም።

ለዚህም ሥርዓት ነበረው። ሰው ከአፋፉ ከመነሣቱ በፊት ከአንዱ ወገን «ያዝ!» ይባላል። ከሌላው ወገን «ያዝኩ!» የሚል መልስ እስኪመጣ ድረስ የማንም እግር ከመሬት አይነሣም። ሰው ገመዱ ላይ ከወጣ በኋላ ደግሞ ክርክር የለም። ደም ያለበት ሰው እንኳ ቢሆን፣ ገመዱ ላይ እያለ የማን ዘር ነህ ተብሎ አይጠየቅም። በድንበር ግጦሽ የተጣሉ ሰዎች ከአፋፍ አፋፍ ሲሰዳደቡ፣ ድንገት አንዱ «ገመዱ ላይ ሰው አለ!» ብሎ ከጮኸ፣ ስድባቸውን አቋርጠው ገመድ ይይዛሉ። ሰውየው መሬት ሲረግጥ ደግሞ ስድባቸውን ካቆሙበት ይቀጥላሉ። እንዲህ ሆነው ብዙ ዘመን ኖሩ።

በመሻገሪያው ላይ የሚያዝዝ «የገመድ አባት» የሚባል ሹም ነበር። «ያዝ» የማለት ሥልጣን የእሱ ብቻ ነው። የገመድ አባት ሁልጊዜ የሚሾመው ከቆዳ አገር ነበር። የመጀመሪያው ጠፍር ከእኛ አባት በሬ ነው የወጣው ይላሉ። የቃጫ ሰዎች ይህን ችለው ኖሩ። የገዛ ልጆቻቸውን ሲያሻግሩ እንኳ ትእዛዝ የሚጠብቁት ከወዲያ ነበር። ኋላ ግን ሰለቻቸው፤ የሰለቻቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። ሽማግሌ መርጠው ላኩ። ሽማግሌዎቹም «ገመዱ ግማሹ የእኛ ነው። አንድ ዓመት እናንተ እዘዙ፣ አንድ ዓመት እኛ እንዘዝ። ይህ ካልሆነም በእኛ አፋፍ ላይ እኛው እንዘዝ» አሉ።

የገመድ አባት በሸንጎ ፊት ሳቀ። «ቃጫ ቆዳ ካልደገፈው ምንድን ነው? ሣር ነው። ሣር ይታጨዳል እንጂ ያዝዛል እንዴ?» አላቸው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ያ ቃል ገመድ ሳያስፈልገው ገደሉን ተሻገረ። ፀሐይ ሳትጠልቅ የቃጫ አገር ሕፃናት ሁሉ ሣር መባላቸውን ሰሙ። በቃጫ አገር አንድ ሹመት የሚወድ ሹም ነበርና ቀኑ ደረሰለት። ከገበያው መካከል ድንጋይ ላይ ወጥቶ «ከእንግዲህ የራሳችን ገመድ! ቆዳ ያልነካው፣ ከቃጫ ብቻ የተገመደ!» አለ። እልልታው ቀለጠ። በወዲያኛው አፋፍም «ሣራቸውን ፈልቅቀን እንወርውርላቸው፤ ለእኛ ጠፍራችን ይበቃናል» ተባለ። ሁለቱ አገሮች ስንት ዓመት ሲከራከሩ ኖረው በአንድ ነገር ተስማሙ። ገመዱ በመጪው ቅዳሜ ይፈታ ተባለ።

ደብሪቱ ይህን ስትሰማ የያዘችው ቃጫ ከእጇ ወደቀ። ምንታምር ለአጎቷ ለቢያድግልኝ ሠርግ ማዶ ሄዳ ነበር።

«ደርሶ፣ ልጄን!» አለችው ባሏን።

«ምን ትሆናለች ብለሽ ነው? ነገ ተነገ ወዲያ እናሻግራታለን።»

«ዛሬ ይሁን።»

«ወንድምሽ ዘንድ አይደለች እንዴ? ወንድምሽ ይበላታል?»

«ወንድሜ አይበላትም። ይኼ የተነሣው ነገር ግን ይበላታል» አለች ደብሪቱ፤ ነጠላዋንም ጎትታ ወጣች። ደርሶ እያጉረመረመ ጎረቤቶቹን ጠርቶ ተከተላት።

አፋፉ ላይ ደርሰው ተጣሩ። በወዲያኛው አፋፍ ቢያድግልኝ ሙሽርነቱን ትቶ ልጅቷን እጇን ይዞ መጣ። የሠርግ ቀሚሷን አልቀየረችም። የገመድ አባት በስፍራው አልነበረምና ቢያድግልኝ ራሱ «ያዝ!» አለ። ደርሶ «ያዝኩ!» ብሎ መለሰ። ምንታምር መቀመጫው ላይ ሆና ወደ እናቷ እጇን አወዛወዘች፤ ገመዱም መሄድ ጀመረ።

መካከል ላይ ስትደርስ የቃጫ አገሩ ሹም ሰዎቹን አስከትሎ ከተፍ አለ። «ማን አዝዞ ነው? ከዛሬ ጀምሮ በዚህ አፋፍ የማዝዘው እኔ ነኝ!» አለና ሰዎቹን ገመዱ ላይ አሰለፋቸው። «ሳቡ! በእኔ ቃል ሳቡ!»

ጩኸቱን ሰምቶ የገመድ አባትም ከወዲያ መጣ። «ያለ እኔ ቃል ‹ያዝ› ያለው ማነው? መልሷት! ሥርዓቱ ይፈጸምና እንደገና ትሻገራለች» አለ፤ የእሱም ሰዎች ገመዱን ጨበጡ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ለልጅቷ ክፉ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። አንዱ ቶሎ ትምጣ አለ፤ ሌላው በሥርዓት ትሻገር አለ።

«እናንተ ሣሮች፣ አላሉ!»

«እናንተ የላም ጭራዎች፣ እናንተው አላሉ!»

«ልጅቷ የእኛ ናት!»

«እናቷ የማን ልጅ ናትና?»

ገመዱ እየተወጠረ ሄደ። ቁልቁል ረግቦ የነበረው ሆዱ ወደ ላይ ተነሣ፤ ምንታምርም አብራ ተነሣች። መጀመሪያ ጨዋታ መስሏት ሳቀች። ቀጥሎ ሳቋን አቆመች፤ በሁለት እጇ ጠፍሩን ጨብጣ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ታይ ጀመር። ከገመዱ ውስጥ አንድ የቃጫ ክር ጧ ብሎ ተበጠሰ። ሌላም ተከተለ።

ደብሪቱ የባሏን ክንድ ያዘች። «ደርሶ፣ አላላ! ስለ እመብርሃን አላላ!»

የደርሶ መዳፍ ይደማ ነበር። «እኔ ባላላ እነሱ ይጎትቷትና ከገደሉ ጋር ያላትሟታል! መጀመሪያ እነሱ ያላሉ!»

ወደ ማዶ ዞረች። «ቢያድጌ! በእናታችን ሞት ይዤሃለሁ፣ አላላ!»

«እታለም፣ እንዴት አድርጌ ላላላ? እኔ ባላላ ትወድቃለች! መጀመሪያ እነሱ ያላሉ!» የሚል ድምፅ መጣ። ወንድሟ እያለቀሰ ነበር፤ እያለቀሰም ይጎትት ነበር።

«ሰው አለ!» ብላ ጮኸች ደብሪቱ። «ገመዱ ላይ ሰው አለ! ኧረ ገመዱ ላይ ሰው አለ!»

ያንን ጥሪ የማያውቅ በሁለቱም አፋፍ ላይ አልነበረም። በዚያን ቀን ግን ሁሉም ሰማ፤ ሁሉም ሌላው ይስማ ብሎ ጠበቀ።

ገመዱ በወዲህኛው አፋፍ አጠገብ ተበጠሰ። የቃጫ አገር ሰዎች እርስ በርስ እየተደራረቡ ወደ ኋላ ወደቁ። ልጅቷ ከተራፊው ገመድ ጋር ተወንጭፋ ከማዶ ገደል ጋር ተላተመች፤ አቧራ ሸፈናት። አቧራው ሲገለጥ ቢያድግልኝና ጓደኞቹ ወደ ላይ ሲስቧት ታየች። ነፍሷ አልወጣችም። ቀኝ ክንዷ ግን እንደተቀነጠሰ ቅርንጫፍ ተንጠልጥሎ ነበር።

«ለቀቁ!» አለ ሹሙ ከመሬት እየተነሣ። «ልጃችንን ሊያስቀሩ ለቀቁ!»

«ለቀቁ!» አለ የገመድ አባት። «የገዛ ልጃቸውን ገደል ሊጥሉ ለቀቁ!»

ሁለቱም አገሮች «እኛ አልለቀቅንም» ብለው መስቀል ጨብጠው ማሉ። ሁለቱም የማሉት እውነት ነው። ማንም አልለቀቀም። ከሐሰት ስለተነሣ ጦርነት ብዙ ሰምተናል፤ ያኛው ጦርነት ግን ከሁለት እውነቶች ተነሣ።

በጋው ገባና ወንዙ ሲጎድል ወንዶቹ ወደ መልካው ወረዱ። በቃጫ አገር «ልጃችንን እናመጣለን» ተብሎ ተፎከረ፤ በቆዳ አገር «ልጅ የሚጥል ጎረቤት አይኖረንም» ተብሎ ተፎከረ። አማች ከአማቹ ጋር ተዋጋ። ሠርግ ላይ አብረው የጨፈሩ ሰዎች ከውኃው ዳር ተገዳደሉ። በወዲህ ልቅሶ ሲጀመር የሟች እኅት በወዲያ ሆና ድምፁን ትሰማለች፤ ለማን እንደሆነ ግን የሚነግራት የለም። ክረምት ሲመጣና መልካው ሲሞላ ደግሞ ከአፋፍ አፋፍ በወንጭፍ ይወራወሩ ጀመር።

የየራሳቸውንም ገመድ ሠርተው ነበር። ያማሩ ገመዶች ነበሩ፤ አንዱ ጠፍር ብቻ፣ አንዱ ቃጫ ብቻ። ነገር ግን ሌላውን ጫፍ የሚይዝ ሰው በማዶ ስላልነበረ፣ ሁለቱም ገመዶች በየአፋፋቸው ተጠቅልለው ተቀመጡ።

ደብሪቱ ዘወትር ከቀትር በኋላ ወደ አፋፉ ትሄዳለች። በዚያ ሰዓት ምንታምር ከአጎቷ ሚስት ጋር ከማዶ ካለችው ምንጭ ውኃ ልትቀዳ ትወርዳለች። ክንዷ ቢጠገንም ተጣሞ ስለቀረ በግራ እጇ ታወዛውዛለች። ደብሪቱም በግራ እጇ ትመልስላታለች። መጮህ አይቻልም፤ ድምፅ በተሰማበት አቅጣጫ ድንጋይ ይመጣል። እንዲህ ሲተያዩ ልጅቷ አደገች።

አንድ ቀን ደርሶ ሸክም ቃጫ አምጥቶ ከፊቷ አወረደ። «ሹሙ ልኮ ነው። ወንጭፍ ግመጂ ብሏል። እንዳንቺ የሚገምድ የለም።»

«እኔ የምገምደው ሰው መሻገሪያ ነው።»

«ልጅሽ የምትመጣው ስናሸንፍ ነው። ወንጭፍ ካልገመድሽ በምን እናሸንፋለን?»

«ደርሶ፣ ልጄ እኮ በዚያ ናት። ድንጋዩ የሚወድቀው በዚያ ነው።»

«ድንጋዩ ሰው ይለያል» አለ ደርሶ። ያለውን ራሱም አላመነውም፤ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ጎረቤቶቿ ግን ቀድሞም የቆዳ አገር ልጅነቷን አልረሱላትም። «ምን ታድርግ፣ ሆዷ ማዶ ነው» ይባል ጀመር፤ ውኃ ስትቀዳ ቦታ የሚለቅላት ጠፋ። ደብሪቱ በስመ አብ ብላ፣ አምላኳን ይቅርታ ጠይቃ፣ ወንጭፍ ገመደች።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ወደ አፋፉ ሄደች። ምንታምር እንስራዋን ይዛ ወረደች። ግራ እጇን አነሣች። ደብሪቱም አነሣች። በዚያው ቅጽበት ከወዲህኛው አፋፍ፣ ከደብሪቱ ብዙ ሳይርቅ፣ ወንጭፍ ሲጮህ ተሰማ። ልጅቷ ከነእንስራዋ ወደቀች። ሰዎች ሮጠው መጡ፤ አንሥተው ወሰዷት። ከወዲህ ሆኖ በሕይወት ትኑር አትኑር ማወቅ አይቻልም።

የወረወረው ማን እንደሆነ አልታወቀም፤ እኔ ነኝ ያለም የለም። ወንጭፉን የገመደችው ማን እንደሆነች ግን ደብሪቱ ታውቃለች።

አላለቀሰችም። ቀጥ ብላ ወደ ሹሙ ቤት ሄደች። ሹሙ ከሰዎቹ ጋር ተቀምጦ ነበር፤ ደርሶም በመካከላቸው ነበር።

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ።»

«ጠይቂ።»

«ጦርነቱ ለልጄ ነው ብለውኝ ነበር።»

«አዎን፣ ለልጅሽ ነው።»

«ልጄ ዛሬ በእኛ ድንጋይ ወደቀች። ከዛሬ ወዲያስ ለማን ነው?»

ደርሶ ከመቀመጫው ተነሣ። ሹሙ ጉሮሮውን ጠረገና «ከዛሬ ወዲያ... ለክብራችን ነው» አለ። «ሐዘን አናግሮሽ ነው፤ ሂጂ ቤትሽ። አሁን ብናላላ ተሸነፉ እንባላለን።»

«ማላላት መሸነፍ ቢሆን ኖሮ» አለች ደብሪቱ፣ «አባቶቻችን አንድም ሰው ባላሻገሩ ነበር።»

ይህን ብላ ወጥታ ሄደች።

ይህን ታሪክ ለልጆቻቸው የሚነግሩ ሰዎች ትምህርቱን እዚህ ላይ ያስገባሉ፤ እኔም እዚሁ ላስገባው። እኔም ልዘዝ ማለት ጥጋብ አይደለም፤ የራስን ገመድ መመኘትም ኃጢአት አይደለም። ወንድሙን ሣር ብሎ የሰደበ ሰው ነው የመጀመሪያውን ክር የበጠሰው። ማን ይዘዝ፣ ማን ይምራ ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ሰው መሬት ከረገጠ በኋላ ነው እንጂ ገመዱ ላይ እያለ አይደለም። አገር የሚባለው ገመድ ደግሞ ባዶውን ሆኖ አያውቅም። ሁልጊዜ ሰው አለበት። ምጥ የያዛት አለች፣ ወደ ገበያ የወጣ አለ፣ ከዚህ ተወልዳ እዚያ ያገባች አለች፣ ማዶ የቱ ነው እያለ የሚጠይቅ ሕፃን አለ። ለዚያ ሕፃን መልሱ ይኼ ነው፤ እግዚአብሔር ማዶ የሚባል አገር አልፈጠረም። ማዶ ማለት እኛ ቆመን የምናየው ነው፤ በዚያ የቆመ ሰው ደግሞ እኛን ያያል። መሳብ ለጉልበተኛ ሁሉ ይቀናዋል፤ ሳይለቁ ማላላት ግን ከእግዚአብሔር የሚሰጥ ጥበብ ነው። እስቲ አንባቢዬ፣ አንተም አንቺም፣ ዛሬ በእልህ የምንጎትተው ገመድ ላይ ማን እንዳለ ቀና ብለን አይተናል?

ደብሪቱ ግን ይህን ሁሉ አልተናገረችም። በማግስቱ ማለዳ፣ ጸሎቷን አድርሳ፣ ቤት ውስጥ የቀረችውን አንዲት ወንጭፍና አምሽታ የገመደችውን ቀጭን ረዥም የቃጫ ሲባጎ ይዛ ወደ አፋፉ ወጣች።

አፋፉን የሚጠብቀው ወጣት ከድንጋይ ኋላ ሆኖ «እትዬ ደብሪቱ፣ ይመለሱ! ያዩዎታል!» አላት።

«ይዩኝ ብዬ ነው የመጣሁት፣ ልጄ።»

«ድንጋይ ይመጣብዎታል እኮ!»

«የእኔን ድንጋይ አስቀድሜ ልልክላቸው ነው» አለችና የሲባጎውን ጫፍ ከድንጋይ ጋር አሰረች። ሌላውን ጫፍ የምታስርበት ስትፈልግ ከኋላዋ አንድ እጅ ተቀበላት። ደርሶ ነበር። መቼ እንደተከተላት አላወቀችም። ጫፉን መዳፉ ላይ ጠቀለለው።

ደብሪቱ በልጅነቷ በዚያ ማዶ ወንጭፍ ይዛ ከብት ስትጠብቅ ያደገች ናት። ወንጭፉን አዙራ ለቀቀችው። የመጀመሪያው አልደረሰም፤ ገደል ገባ። ጎትታ አወጣችው፣ አዞረች፣ ለቀቀች። ድንጋዩ ሲባጎውን እየጎተተ ገደሉን ተሻግሮ ከማዶ ዐለት ላይ ወደቀ።

ከማዶ ሰዎች ብድግ ብድግ አሉ። ወንጭፎች ወደ ላይ ተነሡ። ደብሪቱ ነጠላዋን አስተካክላ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ ያ ገመድ ከተበጠሰ ወዲህ ማንም ያልጠራውን ቃል ጠራች።

«ያዝ!»

ገደሉ ቃሏን ተቀብሎ መለሰው፤ ሌላ መልስ አልነበረም። ሲባጎው ዐለቱ ላይ ተጋድሞ ነበር። ከማዶ አንድ ሰው ወንጭፉን ማዞር ጀመረ፤ ሌላው ክንዱን ሲይዘው ታየ። ክንዱን የያዘው ቢያድግልኝ ይመስላል። ደብሪቱ ደግማ ጠራች። «ያዝ!»

ያን ጊዜ ሲባጎው ከዐለቱ ላይ እንደ እባብ ተንቀሳቀሰ። ተነሣ። ተወጠረ። ደርሶ ከኋላዋ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። በሰዎቹ መካከል ራሷን በነጭ ጨርቅ የታሰረች አንዲት ልጅ፣ በግራ እጇ የሆነ ነገር ጨብጣ፣ ብቅ አለች።

«ያዝኩ!» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ። «ያዝኩ፣ እማዬ! አሁን አላሊልኝ!»

ደብሪቱም ሲባጎውን ከባሏ እጅ ተቀብላ፣ ሳትለቅ፣ ቀስ እያለች አላላችላት።